ጭራዬ የተፈታች ዕለት

የተልዕኮ ጉዞ ሄዶ የማያውቅ ሰው እዚያ ዋናው ሥራ ስብከት ይመስለዋል። ዋናው ሥራ ውኃ ነው። ውኃ ማስቀዳት፣ ውኃ ማጥለል፣ ውኃ ማፍላት፣ የፈላውን ማብረድ፣ የበረደው ውስጥ ዝንብ እንዳይገባ መክደን፣ ከዚያ ደግሞ ማን አብዝቶ ተለቃለቀበት ብሎ መኳረፍ። ወንጌሉ የሚሰበከው ከዚህ ሁሉ በተረፈ ጉልበት ነው። ነርሷ፣ ሁሉም ሰው ሲስተር የሚላት፣ ይህን የተረዳችው ገና በመጀመሪያ ጉዞዋ ነበር። አሁን ስንተኛ ጉዞዋ ላይ እንዳለች መቁጠር ትታለች።

ያረፉት ተማሪዎቹ ለዕረፍት በተበተኑበት የገጠር ትምህርት ቤት ነው። ወንዶቹ አንደኛው ክፍል ውስጥ ዴስክ ገጥመው፣ ሴቶቹ ሌላኛው ክፍል ውስጥ ፍራሽ ዘርግተው ያድራሉ። ጥጉ ላይ ያለው ክፍል ደግሞ ክሊኒክ ሆኗል። የመምህሩ ጠረጴዛ ላይ የመድኃኒት ካርቶኖች ተደርድረዋል፣ በሽተኛ የሚተኛው በተገጠሙ ዴስኮች ላይ በተነጠፈ ብርድ ልብስ ነው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ከዕረፍቱ በፊት የተጻፈ የማባዛት ሒሳብ አልጠፋም። የመጨረሻው መልስ ስህተት ነው። ሲስተር ባየችው ቁጥር ጠመኔ አንስታ ልታርመው ታስብና በሽተኛ ይገባባታል፣ እንዲሁ ይቀራል።

ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሳት የመጥረጊያ ድምፅ ነው። የምትጠርገው የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ ናት። የክፍሎቹ ሁሉ ቁልፍ በክር አንገቷ ላይ ስለሚንጠለጠል ቡድኑ «ባለቁልፏ» ይላታል። ልጇ ከኋላዋ አትለይም፣ ልለይ ብትልም አትችልም። ከአሮጌ አንሶላ ተቀዶ የተጎነጎነ ገመድ አለ፤ አንዱ ጫፉ የእናትየዋ ወገብ ላይ፣ ሌላው ጫፉ የልጅቷ ወገብ ላይ ታስሯል። እናትየው ጎንበስ ስትል ልጅቷ ትቆማለች፣ እናትየው ስትሄድ ልጅቷ ትከተላለች። ስሟን የሚጠራ የለም፤ እናቷ ራሷ «ጭራዬ» ነው የምትላት።

የቡድኑ ሾፌር፣ ሲያወራ እጁን ግራና ቀኝ ስለሚዘረጋ «ፍሬቻ» የሚሉት ቀልደኛ፣ ሁለቱ በግቢው በር ብቅ ባሉ ቁጥር፣ «መንገድ ልቀቁ! ከባድ መኪና ከነተሳቢው መጣ!» እያለ ይጮኻል። ልጅቷም አፏን በእጇ ከባ ጥሩምባ ትነፋለታለች። አሥራ አንድ ወይ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ሳቋ ከሰውነቷ ይበልጣል።

ቡድኑ በደረሰ ማግስት ባለቁልፏ ክሊኒኩን ልትጠርግ ገባችና መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቆመች።

«ሲስተር፣ ለሚጥል በሽታም መድኃኒት አለ እንዴ?»

«አለ።»

«እንዳይሰድቡኝ እንጂ፣ እኔ እሷን ያላደረስኩበት ቦታ የለም።»

«ማን ይሰድብሻል? ነይ ቁጭ በይ፣ እሷንም አስቀምጪያት።»

ገመዱ አጭር ስለሆነ ሁለቱም አንድ አግዳሚ ላይ ተጣብቀው ተቀመጡ። እናትየው የልጅቷን እጅጌ ወደ ላይ ገለጠች። ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ የእሳት ጠባሳ ነው። አንዴ ምድጃ ላይ ነው የወደቀችው፣ አንዴ ደግሞ ደረጃ ላይ። ትምህርት ቤት ሰው ፈርቷት አልተቀበላትም። ስለዚህ ባለቁልፏ ለዓመታት ስትጠርግበት የኖረችው ክፍል ውስጥ ልጇ አንድም ቀን ለመማር ተቀምጣ አታውቅም።

«ገመዱ ነው የሚነግረኝ» አለች። «ሲወጠር ዞር እላለሁ፣ ሳትወድቅ እቀልባታለሁ።»

ሲስተር ትናንሽ ነጭ ክኒኖች ያሉበት ጠርሙስ አወጣች። ማታ ማታ አንድ ፍሬ። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ቃል በቃል እንዲገባት ቀስ እያለች አስረዳቻት።

«ይኼ በሽታውን ነቅሎ አይጥልላትም። ያስረዋል እንጂ። አንቺ እሷን እንዳሰርሻት፣ ይኼ ደግሞ በሽታውን ያስርልሻል። ድንገት ካቋረጥሽው ከበፊቱ ብሶ ነው የሚመጣው። አንድም ማታ እንዳትዘይ። ሲያልቅ ጤና ጣቢያው እንዲሰጥሽ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

«እንዳፍዎ ያድርግልኝ» አለች ባለቁልፏ፣ ጠርሙሱንም በሁለት እጇ ተቀበለች።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ፣ ከስብከት በኋላ፣ ፓስተሩ ልጅቷን ጠርቶ እጁን ጭኖ ጸለየላት። እያነባ ነበር የጸለየላት። ከዚያ ወዲያ ልጅቷ አልወደቀችም። ማን አዳናት ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ግን ሁሉም በየልቡ መልሱን ይዟል።

ፓስተሩ የሲስተር ታላቅ ወንድም ነው። እናታቸው ስትሞት እሷ ገና የወተት ጥርሷ አልተነቀለም ነበር፤ ያሳደጋት እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን ሲጎነጉንላት ጉንጉኑ ሁሌ ወደ አንድ ጎን ይጣመምበት ነበር፣ እሷም ትምህርት ቤት እየተሳቀባት ለእሱ ግን ነግራው አታውቅም። ጸሎት ያስተማራት፣ ነርስ ሁኚ ያላት፣ በዚህ ጉዞ ሁሉ ከጎኑ ያቆማት እሱ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ በቀለለ። ክፉ አይደለም። እዚህ በደረሱ በሁለተኛው ቀን ፍራሹን ጀርባው ለቆሰለ ሽማግሌ ሰጥቶ ሲሚንቶ ላይ ነው የሚተኛው። የሚናገረውን ነገር ሁሉ ያምንበታል፣ ችግሩም ይኸው ነው።

ይህ ጉዞ ግን ደርቆበታል። ሕዝቡ ጠዋት ለክኒን ይጋፋል፣ ከሰዓት ስብከት ሲጀመር ቀስ እያለ ይበተናል። ጄኔሬተሩ ይንተፋተፋል፣ የማይኩ ገመድ ይቆራረጣል፣ ጉሮሮው ተዘግቶ ድምፁ እንደ መጋዝ ይቧጭራል። ካሜራ የሚይዘው ልጅ እግሩን አንፈራጦ ጥላ ውስጥ ይውላል፤ የሚቀርጸው ነገር አጥቷል። ከተማ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ትጠብቃለች። ከጉዞ በተመለሱ ቁጥር በመጀመሪያው እሑድ ምስክርነት በትልቁ ስክሪን ይታያል፣ ፓስተሩም ሻንጣውን ከፍቶ ከስፍራው ያመጣውን ነገር ከፍ አድርጎ ያሳያል። አንዱ የጣለውን ክራንች፣ ሌላው የወረወረውን ክታብ። ያ ሻንጣ በዚህ ጉዞ ባዶውን ራስጌው ተቀምጧል። «ባዶ እጄን ነው እንዴ የምመለሰው?» ሲል ሰምታዋለች፣ ብቻውን፣ ፊቱን እየታጠበ።

ሊመለሱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ግቢው ያለወትሮው ሞላ። ባለቁልፏና ልጇ የጄሪካን ሸክማቸውን አውርደው ከኋላ ቆመው ነበር። ፓስተሩ አያቸውና ፊቱ በራ።

«እናት፣ ወደዚህ ነይ። ልጅሽን ይዘሽ ነይ።»

ባለቁልፏ ዙሪያዋን አየች። ሰው መንገድ ለቀቀላት። ከነገመዳቸው ወደ ፊት ሲወጡ ፍሬቻ ከመኪናው ላይ ሆኖ ሊቀልድ አፉን ከፈተና ተወው። የካሜራው ልጅ ብድግ አለ።

«ይህች ልጅ ከተጸለየላት ወዲህ ወድቃለች?» አለ ፓስተሩ በማይኩ።

«አልወደቀችም» አለች ባለቁልፏ፣ ድምፅዋ ሳይሰማ። ማይኩን አፏ ላይ አደረገላት። «አልወደቀችም።»

ግቢው በእልልታ ተናጋ። ያን ጊዜ ፓስተሩ ዞሮ እህቱን አያት። «ሲስተር የሕክምና ባለሙያ ናት። እኔ ብናገር ሰባኪ ነው ትላላችሁ። እሷ ትመስክር» አለና ማይኩን ዘረጋላት።

ሲስተር ማይኩን ስትቀበል ልትናገር ያሰበችውን ታውቀው ነበር። ክኒን እየወሰደች ነው፣ ክኒኑንም የሰጠን እግዚአብሔር ነው፣ እንዳታቋርጥ፤ ይኸው ነው፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር። አፏን ስትከፍት ግን ወንድሟን አየችው። ድምፁ የጠፋ፣ ዓይኑ የቀላ፣ እንደ ልጅ የሚጠብቅ። ሕዝቡም እሷን ያያል። ካሜራውም።

«አልወደቀችም» አለች። «ጌታ ይመስገን።»

ውሸት አይደለም። በኋላ በኋላ ራሷን ልታጽናና ስትሞክር ደጋግማ ያለችው ይህንን ነው፣ ውሸት አይደለም።

ፓስተሩ ተንበርክኮ የገመዱን ቋጠሮ ፈታ። በአንሶላ የተጎነጎነ፣ ለዓመታት የጠበቀ ቋጠሮ ነበርና በጥርሱ ጭምር ታግሎት ነው የፈታው። ገመዱን ከፍ ሲያደርገው ሕዝቡ አበደ። ልጅቷ መጀመሪያ ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም። ወገቧን በእጇ ዳሰሰች፣ እናቷን አየች፣ አንድ እርምጃ ሄደች፣ ከዚያ ሮጠች። ግቢውን እየዞረች፣ ጥሩምባዋን እየነፋች ሮጠች። ሰው ሁሉ አለቀሰ። ሲስተርም አለቀሰች፤ ያለቀሰችበትን ምክንያት ግን ለማንም መናገር አትችልም። ገመዱ ሻንጣው ውስጥ ገባ።

በማግስቱ ጠዋት ባለቁልፏ ክሊኒኩ በር ላይ ጠርሙሱን ይዛ መጣች። በር ላይ ወረፋ የያዙ ሴቶች ነበሩ፣ ደረጃው ላይ ዘማሪዎቹ ቁርስ ይበላሉ፣ ፓስተሩ ከውጭ መስኮቱ ላይ መስታወት አቁሞ ይላጫል። ሁሉም ትላንት ያለቀሱላት ሰዎች ናቸው።

«ሲስተር፣ ይኼን አምጥቻለሁ» አለች ጮክ ብላ። «እግዚአብሔር ፈውሷት ሳለ መድኃኒት ብሰጣት እሱን ሐሰተኛ ማድረግ ነው።»

ከወረፋው አንዷ ሴትዮ «አሜን» አለች።

«እህቴ፣» አለች ሲስተር፣ «ቀስ እያልን ብናደርገው…»

መስኮቱ ላይ ምላጩ ቆመ። «እምነቷን አትንኪባት» አለ ወንድሟ፣ በለስላሳ ድምፅ፣ ዞር ሳይል። የአንድ ጉንጩ አረፋ ገና አልተነሣም።

ባለቁልፏ ጠርሙሱን እንደዘረጋች ቆማለች። ጠርሙሱን አጥብቃ እንደያዘች ነበር፤ ሲስተር የደስታ መስሏት አለፈች። ጠርሙሱን ተቀበለቻትና ጋዎኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ሴቶቹ አጨበጨቡ።

ሕመምተኛው ሲያልቅ ወንድሟን ከክፍሉ ጀርባ ያዘችው።

«ጋሼ፣ ልጅቷ ክኒን ስትወስድ ነበር እኮ። አንተም ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። ጸሎት እንደተደረገላትም ታውቂያለሽ።»

«እንደዚህ ድንገት ሲቋረጥ ይብስበታል። ልትሞት ትችላለች።»

ፊቱ ላይ ፍርሃት አየች፣ እሱም እንዳየችበት አወቀ። «ትላንት በሰው ፊት መስክራ ዛሬ ልትመልሺያት ነው? ይህ ሁሉ ሰው ምን ይላል? ልጅቷን እንደገና ገመድ ላይ ልናስራት ነው?» አለ። ከዚያ ትከሻዋን ያዝ አደረገ። «ስንሄድ፣ ግርግሩ ሲያልቅ፣ ለብቻዋ ቀስ ብለሽ ትነግሪያታለሽ። እኔም አልከለክልሽም። እቴ፣ ጥቂት ቀን ነው።»

ሲስተርም ሒሳቧን ሠራች። ይህ መድኃኒት ከደም ቶሎ አይወጣም፣ ተምራዋለች። ለጥቂት ቀን ያቆያታል። ሰውን እንዲህ የሚያጠፋው አለማወቁ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ እውቀቱ ነው፣ ለፈሪ ልብ ምክንያት ያቀብላል። ባለቁልፏን ልታናግራት ለብቻዋ የምታገኛት ሰዓት ፈለገች፣ ግን ሰው ከበባት፤ ጎረቤቱ ሁሉ የተፈወሰችዋን ልጅ ሊያይ ይመጣ ነበር። አንድ ማታ አለፈ፣ ሌላም ማታ አለፈ።

ልጅቷ ግን ምን ያህል ትሮጣለች! የተፈታ ሰው ምን እንደሚያደርግ የማታውቅ ይመስል ሁሉንም ታደርጋለች። ዛፍ ላይ ትወጣለች፣ የካሜራውን ልጅ ዕቃ ትሸከማለች፣ መኪናው ጣራ ላይ ከፍሬቻ ጋር ሻንጣ ታስራለች። አንድ ቀን ክሊኒኩ ባዶ መስሏት ገባችና ጠመኔ አንስታ ሰሌዳው ላይ፣ ከተሳሳተው ሒሳብ ሥር፣ ትልቅ የጭነት መኪና ሣለች። ሲስተር ከበሩ ሆና አየቻት።

«ተሳቢው የታለ?»

«ተፈታ» አለች ልጅቷ፣ ዘወርም ሳትል።

ሲስተር ሳቀች፣ ጠርሙሱ ኪሷ ውስጥ ተንኳኳ። ያን ቀን ለእናትየዋ ልትነግራት እንደምትሄድ ለራሷ ማለች፣ አልሄደችም።

የመመለሻው ቀን ጠዋት ግቢው እንደ ገበያ ሆነ። መንደሩ ሁሉ ሊሸኝ መጥቶ መኪናውን ከቧል። ፍሬቻ ጣራው ላይ ገመድ ያጠብቃል፣ ዘማሪዎቹ እየተቃቀፉ ይላቀሳሉ። ከአቧራ የተነሳ የመኪናው መስታወት ሰው አያሳይም፤ ፍሬቻም «ውኃ ካልመጣ በእምነት ነው የምነዳው!» ብሎ ይጮኻል። ወጥ ቤት የምትሠራው ሴትዮም የመጨረሻውን ድስት ይዛ ውኃ፣ ውኃ ትላለች። ሌላ ጊዜ ከግቢው በታች፣ ውኃ የሚቀዳበት ኩሬ ላይ ልጆች አይጠፉም፣ ዛሬ ግን ሁሉም እዚህ ናቸው።

ልጅቷ ጄሪካን አነሳች። በሲስተር አጠገብ ስታልፍ ሲስተር ክንዷን ያዘቻት።

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን!» አለች፣ አገጯን ቀና አድርጋ። ይህን ቃል በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረችው ይመስል ነበር። ሲስተር እጇን ለቀቀቻት። አንድ ሰው ከኋላዋ እልካለሁ ብላ አሰበች። መጀመሪያ ግን እናትየዋን ላናግር፣ አሁን ካልሆነ መቼ ነው አለች።

ባለቁልፏን ያገኘቻት ወንዶቹ ያደሩበት ክፍል ውስጥ ዴስኮቹን ወደ ቦታቸው ስትመልስ ነው። ሲስተር በሩን ገፋ አደረገችው።

«ስለ መድኃኒቱ ነው» አለች። «መሄዴ ነው፣ ሳልነግርሽ ብሄድ እግዚአብሔር ይጠይቀኛል። ዛሬ ማታ ስጫት። ማንም አያይሽም። ክኒኑ ነው የያዘልሽ፣ እባክሽ።»

ጠርሙሱን አወጣች። ባለቁልፏ ጠርሙሱን አየች፣ በሩን አየች፣ መስኮቱን አየች። ከዚያ እጇን መዘርጋት ጀመረች። ያን ጊዜ ነው ከታች በኩል ጩኸት የተሰማው።

ኩሬው ጥልቅ አልነበረም። ቆሞ የገባበት ሰው ጉልበቱ ላይ ነው የሚደርሰው። ልጅቷ በግንባሯ ነው የተደፋችው፣ አፋፉ ላይ፣ እግሮቿ ደረቅ መሬት ላይ ነበሩ። ያገኛት ከብት ሊያጠጣ የመጣ ሽማግሌ ነው። ፍሬቻ ተሸክሟት ሲመጣ ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ፤ ያን ዕለት ለምስክርነት እንደተከፈለው። ማንም ጥሩምባ አልነፋም።

ሲስተር ልጅቷን ክሊኒኩ ውስጥ ዴስኮቹ ላይ አስተኝታ ደረቷን ተጫነች፣ አፏ ላይ ተነፈሰች፣ ተጫነች፣ ተነፈሰች። ላቧ ልጅቷ ፊት ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ማቆም እንዳለባት ካወቀች በኋላም አላቆመችም። በመጨረሻ ፍሬቻ ከኋላዋ ይዞ አስቆማት።

ፓስተሩ በጉልበቱ ወድቆ ይጸልያል። ተነሺ፣ ተነሺ ይላታል፣ በተቧጨረ ድምፁ። ከውጭ ሆኖ አሜን የሚል መጀመሪያ ብዙ ነበር፣ ከዚያ አነሰ፣ ከዚያ እሱ ብቻ ቀረ። ባለቁልፏ አላለቀሰችም። የልጇን እርጥብ ፀጉር ከግንባሯ ላይ ታነሳለች፣ ፀጉሩ ይመለሳል፣ እንደገና ታነሳዋለች። ብዙ ቆይታ ቀና አለች።

«እምነቴ ነው የጎደለው?» አለች። «ማታ ማታ ስለምፈራ ነው? እንቅልፍ ስለማይወስደኝ፣ ትንፋሿን ስለማዳምጥ? እሱ ነው የገደላት?»

ፓስተሩ አፉን ከፈተ። ሲስተር ምን ሊል እንደሆነ ታውቃለች፤ በቀብር ሁሉ ላይ የሚለውን ታውቀዋለች፣ ለስላሳ ነው፣ ያጽናናል። ዛሬ ግን ይህችን ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ራሷን ጥፋተኛ አድርጋ እንድትኖር የሚፈርድባት ያ ለስላሳ ቃል ነው።

«አይደለም» አለች ሲስተር። በሩ ላይ የቆሙት ሁሉ እንዲሰሙ ጮክ ብላ ነው የተናገረችው። «ያንቺ እምነት አልጎደለም። በሽታውን የያዘላት መድኃኒቱ ነበር። ሲቋረጥ እንደሚብስ አውቃለሁ። ማይኩ እጄ ላይ ሳለ ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም። የገደልናት እኛ ነን።»

«እቴ…» አለ ወንድሟ። ከተንበረከከበት ወደ ኋላው ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ ፊቱንም በሁለት እጁ ሸፈነ። እናታቸው በሞተች ቀን እንዲህ ተቀምጦ እንደነበር ሲስተር አስታወሰች፤ ያን ጊዜ ሄዳ ጭኑ ላይ ተቀምጣ ነበር። አሁን አልሄደችም።

ከውጭ ማጉረምረም ተነሣ። ባለቁልፏ የሰማች አትመስልም። የልጇን ወገብ፣ ገመዱ ለዓመታት ታስሮበት የነበረውን ቦታ፣ በመዳፏ ዳሰሰች።

«ገመዴን ስጡኝ» አለች።

ሻንጣው መኪናው ጣራ ላይ፣ ከሁሉም ዕቃ ሥር ነበር። ፍሬቻ ወጣና ያጠበቀውን ሁሉ ፈታ። ፍራሹ፣ ድስቱ፣ ኪቦርዱ፣ ድምፅ ማጉያው አንድ በአንድ ወረደ። ሰው ዙሪያውን ቆሞ ያያል፣ የሚያግዝ የለም። የካሜራው ልጅ ካሜራውን ጃኬቱ ሥር ደብቆ ነበር። ሲስተር ሻንጣውን አቧራው ላይ ከፈተችው። ውስጡ ገመዱ ብቻ ነበር፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ቅዱስ ዕቃ ይመስል።

ባለቁልፏ አንዱን ጫፍ ልጇ ወገብ ላይ አሰረችው። ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ አጠበቀችው። ሌላውን ጫፍ የራሷ ወገብ ላይ አሰረችና ዴስኩን ተደግፋ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ገመዱ አጭር ስለሆነ ወደ ላይ ተወጠረ። አንገቷ ላይ ያለው ቁልፍ ተንኳኳና ዝም አለ። ሊያስነሳት የደፈረ ሰው አልነበረም። ሲስተርም ፊት ለፊቷ፣ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች፤ ጠርሙሱ አሁንም እጇ ውስጥ ነው።

ብዙ ጊዜ አለፈ። ሕዝቡ ጥቂት በጥቂት ከበሩ ራቀ። ባለቁልፏ ሲስተርን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብላ አየቻት፣ ለመጀመሪያ ጊዜም አንቺ አለቻት።

«ያን ጠዋት ስመልስልሽ ለምን ተቀበልሽኝ?»

ሲስተር ብዙ መልስ ነበራት። ወንድሟ፣ ደም ውስጥ የሚቆየው መድኃኒት፣ ጥቂት ቀን ነው የተባለው። ሁሉንም ተወቻቸው።

«ሰው እያየኝ ነበር» አለች።

ባለቁልፏ ራሷን ነቀነቀች፣ እንደገባት ሰው።

«እኔም ሰው እያየኝ ነው የመለስኩት» አለች። «እምቢ ትይኛለሽ ብዬ።»